የሚመራው ይደውላል

ባለፈው ሚያዝያ ስለ አንድ የስፖርት ሜዳ ዘገባ ልሠራ ግሪስሃይም ሄጄ ነበር። ሜዳው ለመጋዘን ይሰጥ አይሰጥ የሚል ክርክር ተነስቷል። ሁለቱንም ወገን አነጋገርኩ፤ ለጽሑፉ የሚበቃኝን ያዝኩ፤ ወደ ኤስ-ባን ባቡር ጣቢያው ልመለስ ስል አንድ ሠራተኛ ባለጎማ ሣጥን እየገፋ በሣሩ ላይ ነጭ መስመር ሲያሰምር አየሁ። ሣሩ ገና መታጨዱ ነው። እርጥብ ሣርና እርጥብ ኖራ አንድ ላይ ሲሸቱኝ ቆምኩ። ባቡሩ አመለጠኝ፤ የሚቀጥለውን ጠበቅኩ።

ሽታው የጋሼ ደምሴ ጃኬት ሽታ ነበር። ጋሼ ደምሴ የእናቴ አጎት ናቸው። የአሜሪካ ወታደሮች ፍራንክፈርት በነበሩበት ዘመን፣ ከታናሽ ወንድማቸው ከጋሼ ጌታሁን ጋር ሆነው የጦር ሰፈሩን የቤዝቦል ሜዳ ይንከባከቡ ነበር፤ ሣር ያጭዳሉ፣ ኖራ ያሰምራሉ፣ ከጨዋታ በኋላ አፈሩን ይደለድላሉ። ወታደሮቹ ሲሄዱ ሥራውም አብሮ ሄደ። ጋሼ ጌታሁን አሜሪካ ገቡ፣ ጋሼ ደምሴ እዚሁ ቀሩ። ጃኬቱን ግን አልጣሉትም፤ ከበሩ ጀርባ ተሰቅሎ ለዓመታት ያንኑ ሽታ ሲሸት ኖረ።

እዚህ የምጽፈው ስለ አንድ ክረምት ነው። ክረምት የምለው እናቴ እንደዚያ ስለምትለው እንጂ በፍራንክፈርት ሐምሌና ነሐሴ አስፋልቱ የሚለሰልስበት ጊዜ ነው። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አንዳንዱን በዓይኔ አይቻለሁ፣ አንዳንዱን እናቴ ኋላ ነግራኛለች። እንዳይቀላቀሉብኝ እሞክራለሁ።

የምንኖረው ቦርንሃይም፣ ከበርገር ሽትራሰ ጎዳና ገባ ብሎ ባለ አሮጌ ሕንጻ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ከሥር ዳቦ ቤት ስላለ ደረጃው ጠዋት ጠዋት ትኩስ ዳቦ፣ ከሰዓት በኋላ የወለል ሳሙና ይሸታል። እናቴ ኦስትኤንድ ውስጥ ቢሮ ታጸዳለች። ሳይነጋ ወጥታ እኔ ትምህርት ቤት ልሄድ ስል ትመለሳለች፤ እጇ ሁልጊዜ በረኪና በረኪና ይላል። አባቴ ሌላ ከተማ ሌላ ኑሮ ነበረው። ጋሼ ደምሴ ልባቸው ታሞ ብቻቸውን መኖር ስላልቻሉ በዚያ ዓመት የእኔን ክፍል ያዙ፣ እኔ ከእናቴ ጋር መተኛት ጀመርኩ።

ሐኪሙ ልባቸው መከፈት እንዳለበት ተናግሯል። እስከዚያ ድረስ ድንጋጤ እንዳይነካቸው አስጠንቅቋል። እናቴ ይህን እንደ ሕግ ያዘችው። ጋሼ ደምሴ የአገር ቤት ዜና ሲሰሙ ከሬዲዮው ጋር የሚጣሉ ሰው ነበሩ፤ አንድ ቀን ከሬዲዮው ጋር ሲሟገቱ ከንፈራቸው ሰማያዊ ሆነ። በማግሥቱ እናቴ ሬዲዮውን ወደ ማድ ቤት ወሰደችው። ጋዜጣ መግባት አቆመ። እንግዳ ሲመጣ ደረጃው ላይ ተቀብላ የማይወራውን ትነግረዋለች። ከዚያ ወዲያ በቤታችን በእናቴ እጅ ሳያልፍ ጋሼ ደምሴ ጋ የሚደርስ ወሬ አልነበረም።

አንድ ነገር ብቻ ፈቀደች፤ ቤዝቦል። «የማያውቋቸው ሰዎች በዱላ ኳስ ቢመቱ ምን ይጎዳቸዋል?» አለች።

ጨዋታውን ለማያውቅ ሰው፣ ለዚህ ታሪክ የሚያስፈልገው ጥቂት ነው። መቺው የተወረወረለትን ኳስ በዱላ መትቶ ከሜዳው አጥር በላይ አሻግሮ ከጣለው ሆም ረን ይባላል። ወቅቱ ከመጋቢት መጨረሻ ገደማ ጀምሮ እስከ መስከረም ድረስ ነው፤ ብዙ ኳስ ያሻገረው የዓመቱ ቀዳሚ ይሆናል። በዚያ ዓመት ሁለት ሰዎች ይፎካከሩ ነበር። በቤታችን በስማቸው የሚጠራቸው የለም። የጋሼ ደምሴ ሰው በግራ እጁ ስለሚመታ ግራኙ ነው። የጋሼ ጌታሁን ሰው ረጅሙ ነው፤ እሳቸው በሚኖሩበት ከተማ ቡድን ውስጥ ይጫወታል።

ጨዋታው እኛ ጋ ሌሊት ሲሆን ስለሚካሄድ ውጤቱ የሚሰማው ጠዋት ነው። ጀርመን ውስጥ የቀሩት ወታደሮች ሬዲዮ ከአየር ሁኔታው ቀጥሎ ይናገረዋል። እናቴ ሥራ ላይ ስለሆነች የመስማቱ ሥራ የእኔ ሆነ። ሬዲዮው ሲሞቅ የተቃጠለ አቧራ ይሸታል። ጆሮዬን ለጥፌ ሁለት ስም ብቻ እጠብቃለሁ። እንግሊዝኛ አላውቅም ነበር፤ ቁጥሮቹን ጋሼ ደምሴ አስተምረውኛል። ከዚያ ሻይና ብሮትሸን የሚሉትን አንድ ትንሽ ዳቦ ይዤ እገባለሁ።

በጀርመንኛ ከጀመርኩ እጃቸውን ያነሳሉ። «በአማርኛ። መጀመሪያ ማን መታ፣ ከዚያ ስንት፣ ከዚያ ማን ይመራል። የመሰለሽን ለራስሽ ያዢው።»

ስለ ዜና አቀራረብ ከዚያ የተሻለ የነገረኝ ሰው እስካሁን አላገኘሁም።

የሁለቱ ወንድማማቾች ስልክ በሳምንት አንድ ቀን፣ እሁድ ከሰዓት በኋላ ነው። ደንብ ነበራቸው፤ የሚመራው ይደውላል፣ የተመራው አንስቶ ይሰማል። ስልኩ ኮሪደሩ ላይ ስለሆነ እኔም እሰማለሁ። እስከ ሐምሌ ድረስ የመራው ግራኙ ስለነበር ደዋዩ ሁልጊዜ ጋሼ ደምሴ ነበሩ።

«ምነው ያ ረጅምህ?» ይላሉ። «ዱላውን ለምርኩዝ ነው እንዴ የያዘው? ንገረው፣ ቆሞ የሚያየውን ኳስ መምታትም ይቻላል።»

ከዚያ ማዶ የሚመጣው ድምፅ እኔ የቆምኩበት ድረስ ይደርሳል። ጋሼ ጌታሁን ሰው ሲሰድቡ ቃላቸውን አይመርጡም፤ ጋሼ ደምሴ መቀበያውን ከጆሯቸው አርቀው እንባቸው እስኪወርድ ይስቃሉ። ስለ ሕመማቸው ሲወራ ሰምቼ አላውቅም። አንዴ ብቻ ጋሼ ጌታሁን «ቢላዋ ሲገባብህ እንኳ ረጅሙ መርቷል ብዬ ነው የማስነሳህ» ሲሉ ሰምቻለሁ።

ጋሼ ጌታሁን በሐምሌ መጨረሻ ሞቱ። ሥራ ቦታ ወድቀው፣ በአንድ ቀን። ይህን ያኔ አላወቅኩም። ስልኩ የተደወለው ለእናቴ ነው፣ እሷም ማንም ፊት አላለቀሰችም። እኔ ያየሁት፣ መታጠቢያ ቤት ገብታ ቧንቧውን ከፍታ ረጅም ሰዓት ስትቆይና ፊቷ አብጦ ስትወጣ ነው። ጥርሷን ያመማት መስሎኝ ከማድ ቤት ቅርንፉድ አምጥቼ የሳሙና ማስቀመጫው ላይ አደረግኩላት። አንድ ፍሬ አንስታ አፏ ውስጥ ጨመረች፣ «አመሰግናለሁ፣ ተሻለኝ» አለች።

በማግሥቱ አቶ ኃይሉ መጡ። አቶ ኃይሉ በተማሪነት መጥተው በስደት የቀሩ፣ ጡረታ የወጡ መሐንዲስ ናቸው። በከተማው ካሉት ሐበሾች ለአንዱ ከአገር ቤት ወይም ከሌላ ቦታ የሞት ወሬ ሲመጣ፣ ማን እንደሚያረዳና መቼ እንደሚረዳ የሚወስኑት እሳቸው ነበሩ። ማድ ቤት ተቀምጠው ከእናቴ ጋር ዝቅ ባለ ድምፅ አወሩ። የተወሰነው ነገር ግልጽ ነበር፤ ለታመመ ሰው መርዶ አይነገርም። የቀዶ ሕክምናው ቀጠሮ፣ እኛ ቴርሚን የምንለው፣ በነሐሴ አጋማሽ ነው። ያን ተሻግረው፣ ሲያገግሙ፣ በወጉ ሰው ተሰብስቦ ማለዳ ይነገራቸዋል። እስከዚያ የሚነገራቸው ይህ ነው፤ ጋሼ ጌታሁን ለሥራ ሌላ ከተማ ሄደዋል፣ ስልካቸው ተቀይሯል፣ አዲሱን ሲያስገቡ ራሳቸው ይደውላሉ።

ጋሼ ደምሴ ይህን ሲሰሙ ሳቁ። «ሸሽቶ ነው» አሉ። «ግራኙ ሲያስጨንቀው ቁጥር ቀየረብኝ። ረጅሙ ካልመራ ድምፁን አንሰማም።»

እናቴ የተገላገለች መሰላት። ኋላ እንደነገረችኝ፣ ያን ቀን ምን እንዳሉ በደንብ አላዳመጠችም። ግራኙ እስከመራ ድረስ የወንድምየው ዝምታ ምክንያት ነበረው፣ ውሸቱም አያሰጋም። እናቴ ግን ግራኙ ማን እንደሆነ እንኳ በቅጡ አታውቅም ነበር።

ቴርሚኑ በመጀመሪያ አልጋ ስለጠፋ ተራዘመ። ቀጥሎ ጋሼ ደምሴ ጉንፋን ስለያዛቸው ተራዘመ። ከዚያ ሌላ ደብዳቤ መጣ፣ ወደ መስከረም መጨረሻ። እናቴ በተራዘመ ቁጥር ትከሳለች። ጠዋት ከሥራ ስትመለስ ደረጃው መካከል ቆማ ትንፋሿን ስትሰበስብ ከላይ እሰማታለሁ። በር ስትከፍት ግን ፈገግ ብላ ነው። «ጋሼ፣ እንዴት አደሩ?» ትላለች፣ እሳቸውም «እግዚአብሔር ይመስገን፤ ያ ፈሪ ዛሬም አልደወለም?» ይላሉ። «አልደወሉም፣ ሥራ በዝቶባቸው ይሆናል» ትልና ማድ ቤት ገብታ ዕቃ ታጥባለች፤ የታጠበውንም ደግማ ታጥባለች።

በነሐሴ መጨረሻ ረጅሙ መምታት ጀመረ። እኔ እንደ ደንቡ ዘገብኩ፤ ትናንት አንድ፣ ዛሬ ምንም፣ በማግሥቱ ደግሞ አንድ። ግራኙ እጁን ተጎድቶ ዝም አለ። ልዩነቱ በየጠዋቱ ጠበበ። ጋሼ ደምሴ ይናደዳሉ ብዬ ነበር፤ እሳቸው ግን ደስ እያላቸው መጣ። ከአልጋቸው ቀና ብለው ይጠብቁኛል።

አንድ ጠዋት እናቴ ኩባያ እያጠበች፣ ልማዷ ባይሆንም ጠየቀችኝ።

«ጋሼ ምን አግኝተው ነው እንዲህ የሚስቁት?»

«ረጅሙ ሊደርስ ነው። አንድ ብቻ ቀርቶታል።»

«ቢደርስስ?»

«ካለፈው ይመራል። ከመራ ጋሼ ጌታሁን ይደውላሉ። የሚመራው ነው የሚደውለው።»

እናቴ ቧንቧውን ዘጋችና ወንበር ላይ ተቀመጠች። እጇ ከነአረፋው ጭኗ ላይ ቀረ። ደንቡን እንደገና እንዳስረዳት አደረገችኝ፤ ማን ሲመራ ማን ይደውላል፣ መቼ ነው የሚያልቀው። ቤዝቦል መውደድ የጀመረች መስሎኝ ደስ አለኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ገና በሩን ሳትዘጋ «ማነው የሚመራው?» ትለኛለች። ማታ ማታ ከሥዕለ አድኅኖው ፊት ቆማ ስትጸልይ ሰማኋት። ለጋሼ ጸለየች፣ ለእኔ ጸለየች፣ ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ያንን በግራ የሚመታውንም ልጅ አበርታው» አለች። ቤዝቦል በዓይኗ አይታ አታውቅም። እኔ እሷም የግራኙ ደጋፊ ሆናለች አልኩ።

አቶ ኃይሉ እንደገና መጡ። ነገሩን ሰምተው ትንሽ አሰቡና መፍትሔው ቀላል ነው አሉ፤ ልጅቷ ሁልጊዜ ግራኙ ይመራል ትበል፣ ማን ያጣራል? እናቴ ጠራችኝና ነገረችኝ። እኔ ምክንያቱን አላወቅኩም። «ሽቲምት ዶኽ ጋር ኒሽት» አልኩ፤ እውነት አይደለም ማለቴ ነው። አቶ ኃይሉ ለጋሼ ጤና እንደሆነ ሊያስረዱኝ ጀመሩ። እናቴ አቋረጠቻቸው።

«ይተዋት፣ አቶ ኃይሉ። እኔ የዋሸሁት ይበቃል። እሷን አላስገባም።»

«ቢመራስ?»

«ከመራ መራ» አለች፤ ራሷን ግድግዳው ላይ አስደግፋ።

መራ። በአንድ ሌሊት ሁለት መታ። የሬዲዮው ሰውዬ ስሙን ሁለት ጊዜ ጮኾ ተናገረ። ሻዩን ይዤ ገባሁና እንደ ደንቡ ተናገርኩ፤ ማን መታ፣ ስንት፣ ማን ይመራል። ጋሼ ደምሴ ራሳቸውን ወደ ኋላ ጥለው እስኪያስሉ ድረስ ሳቁ።

«እንግዲህ አለቀልኝ» አሉ። «እሁድ ጆሮዬን ሊበላው ነው።»

እሁድ ጠዋት ጢማቸውን ተላጩ። እናቴ የተኮሰችላቸውን ነጭ ሸሚዝ ለበሱ። ከሰዓት በኋላ ወንበር ኮሪደሩ ላይ አስወጡና ስልኩ አጠገብ ተቀመጡ። እናቴ ማድ ቤት ሆና ሽንኩርት ትከትፋለች፤ ከሚያስፈልገው በላይ ከተፈች።

«ጋሼ፣ እዚያ ነፋስ አለ፣ ይግቡ። ጋሼ ጌታሁን ስልክ ገና አላስገቡም ይሆናል» አለች ከውስጥ።

«ጌታሁን እኮ ነው አልማዝ። ረጅሙ መርቶለት? መንገድ ላይ ሰው አቁሞ ይደውላል።»

ኮሪደሩ በደረጃው በር መስታወት በኩል ብቻ ነው ብርሃን የሚያገኘው። ብርሃኑ ከጫማቸው ተነስቶ ግድግዳው ላይ ወጣ፣ ከዚያ ጠፋ። ከታች የዳቦ ቤቱ ሴትዮ የምትጠርግበት ድምፅ ይሰማል። ስልኩ አልጮኸም።

ሲመሽ ጠሩኝ።

«ሰሎሜ፣ የሚመራው ረጅሙ ነው?»

«ነው።»

«በደንብ ሰምተሻል?»

«ሁለት ጊዜ ነው የተናገሩት። ዛሬ ጠዋትም ደግመውታል።»

መቀበያውን አንስተው ጆሯቸው ላይ አደረጉ። የመስመሩን ድምፅ አዳመጡ። «ይሠራል» አሉ፣ ለእኔ ሳይሆን ለራሳቸው። አስቀመጡት። ከዚያ ዕቃ እንዳያነሱ ተከልክለው ሳለ ወንበሩን ራሳቸው ተሸክመው ወደ ማድ ቤት መለሱትና ለእናቴ ሆዴን ከብዶኛል፣ እራት ይቅርብኝ አሏት።

በሚቀጥለው እሁድ ኮሪደሩ ላይ አልተቀመጡም። በሚቀጥለውም። ስለ ስልክ መጠየቅ አቆሙ። እናቴ ለአቶ ኃይሉ «ረስተውታል፣ እግዚአብሔር ነው የረዳን» ስትል ሰማኋት።

እኔም ያየሁትን አልተረዳሁም። የትራሳቸው ልብስ ከትምህርት ቤት ስመለስ እርጥብ ነበር፤ ሕመሙ እያላባቸው ነው ብዬ መስኮት ከፈትኩላቸው። ቀን ቀን በራቸው መዘጋት ጀመረ። ያስቀየመኝ ሌላ ነገር ነው። ሻይ ይዤ ስገባ የሚጠይቁኝ «ረጅሙ ምን አደረገ?» ብቻ ሆነ። ግራኙ እጁ ድኖ ተመልሶ መምታት ሲጀምር ላበሥራቸው ሮጬ ገባሁ፤ ፊታቸው ላይ ምንም የለም። «ረጅሙስ?» አሉ። ግራኙ ሲያሸንፍ አብረውት ቆይተው፣ ሲሸነፍ ወደ አሸናፊው የዞሩ መስሎኝ ለሁለት ቀን አኮረፍኳቸው። ማኩረፌን ልብ አላሉም። የወቅቱ የመጨረሻ ጠዋት ረጅሙ ቀዳሚ ሆኖ እንደጨረሰ ነገርኳቸው። «ጎሽ» አሉ፤ ሻዩን ሳይነኩ ወደ ግድግዳው ዞሩ።

ቴርሚኑ በመጨረሻ ደረሰ። ልባቸው ተከፈተ፣ ተዘጋ። ከሐኪም ቤት ሲመለሱ ግማሽ ሰው አክለው ነበር፤ ቀለማቸው ግን ተመልሷል። ሐኪሙ አሁን ቢነገራቸው አያሰጋም አለ። አቶ ኃይሉ ቀን ቆረጡ።

በዚያ ጠዋት እናቴ ሥራ አልሄደችም። ደረጃው ላይ ብዙ ሰው እግሩን ቀስ አድርጎ ሲወጣ ሰምቼ ተነሳሁ። አቶ ኃይሉና ከቤተ ክርስቲያን ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ጋሼ ደምሴ ክፍል ስንገባ እሳቸው ለብሰዋል። ጥቁር ሹራብ አድርገው፣ አልጋቸውን አንጥፈው፣ ጫፉ ላይ ተቀምጠዋል። አቶ ኃይሉ እንደ ወጉ ከሩቅ ጀመሩ፤ የሰው ልጅ እንግዳ መሆኑን፣ ሁላችንም ተራ ጠባቂዎች መሆናችንን። ጋሼ ደምሴ አላቋረጧቸውም። አንገታቸውን ደፍተው እስከ መጨረሻው ሰሙ። ስሙ ሲጠራ አለቀሱ፤ እንደሚጠበቀው፣ ድምፅ አውጥተው፣ ደረታቸውን በእጃቸው ደግፈው። ሌሎቹም አለቀሱ። እናቴ ግን ቆማ ውኃ ታቀርባለች፣ ትራስ ታስተካክላለች፣ ዓይኗ ከሳቸው ደረት አይነቀልም።

ልቅሶው ጋብ ሲል ጋሼ ደምሴ እጇን ያዙ።

«ደከምሽ» አሉ። «ብዙ ጊዜ ተሸከምሽው።»

እናቴ ወዲያው አልገባትም ነበር። ከዚያ ቀስ ብላ አልጋው አጠገብ ተንበረከከች።

«ከመቼ ጀምሮ ያውቃሉ?»

«ረጅሙ መርቶ እሁድ ካልደወለ ጀምሮ። ጌታሁን በሕይወት ቢኖር ያን ቀን አይምረኝም ነበር።»

«ታዲያ ምነው ዝም አሉኝ፣ ጋሼ?»

«ለእኔ ብለሽ ስትታገዪ ነበር። ማወቄን ብታውቂ ሥራሽንም ልጅሽንም ትተሽ አጠገቤ ትቀመጪ ነበር። ሁለታችን አንድ ላይ ብንወድቅ ይችን ማን ያያታል?» በአገጫቸው ወደ እኔ አመለከቱ። «ቀን ቀን እናንተ ስትወጡ ነበር የማለቅሰው። አሁን ጨርሻለሁ። ጌታሁን አጎትሽ እኮ ነው አልማዝ፤ አሳድጎሻል። አንቺ ገና አላለቀስሽም።»

እናቴ የሆነ ነገር ልትመልስ አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን ቃል አልነበረም። ከዚያ በፊትም ከዚያም በኋላ ከእሷ እንደዚያ ያለ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። ወለሉ ላይ ተቀምጣ፣ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ስባ፣ የጋሼ ጌታሁንን ስም እየጠራች አለቀሰች። ሰዓቱ ገና ማለዳ ነው፤ ከታች ጎረቤቶቹ መስኮት ሲከፍቱ ይሰማል። አቶ ኃይሉ ተነስተው የእኛን መስኮት ሊዘጉ ሄዱ።

ጋሼ ደምሴ እጃቸውን አነሱ። «ተወው፣ ኃይሉ» አሉ። «ይስሟት።»